ሰርጌይ ቡብካ በምርኩዝ ዝላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአገራችን የአትሌቲክስ ውድድር በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በረጅም ርቀት ሩጫ ላይ ነው፤ የምርኩዝ ዝላይ የሚታየው በ10 ሺህ ሜትር ዙሮች መካከል ካሜራው ለአፍታ ዞር ሲል ነው። በዚህም ምክንያት የሰርጌይ ቡብካን ስም የሰማው ብዙ ቢሆንም፣ ስለ ሰውየው የሚነገረው በሁለት አባባሎች ያበቃል፤ አንደኛው «ክብረ ወሰኑን በሳንቲሜትር እየሸረፈ ይሸጠው ነበር» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ኦሊምፒክ አይሆንለትም ነበር» የሚለው ነው። ሁለቱም አባባሎች መነሻ አላቸው፤ ተነጥለው ሲነገሩ ግን አንድን የ18 ዓመት የውድድር ዘመን አዛብተው ያሳያሉ። በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰርጌይ ቡብካ ማን ነው?

ቡብካ ዲሴምበር 4 ቀን 1963 በምሥራቅ ዩክሬን፣ በሉሃንስክ ከተማ የተወለደ የምርኩዝ ዘላይ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከ1983 እስከ 1997 በተካሄዱት ስድስት ውድድሮች ሁሉ የወርቅ ሜዳሊያ ወስዷል፤ በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ አሸንፏል፤ ከቤት ውጭና በቤት ውስጥ ውድድሮች በድምሩ 35 ጊዜ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽሏል። ከምርኩዝ ዘላዮች መካከል 6 ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው እርሱ ነው።

ወደ ምርኩዝ ዝላይ እንዴት ገባ?

በሩን የከፈተለት አሠልጣኙ ቪታሊ ፔትሮቭ ነው። ልጁ ገና በታዳጊነቱ በትውልድ ከተማው በፔትሮቭ ሥር መሠልጠን ጀመረ፤ አሠልጣኙ ወደ ዶኔትስክ ሲዛወርም በ15 ዓመቱ ተከትሎት ሄደ። ታላቅ ወንድሙ ቫሲሊ ቡብካም በዚሁ ስፖርት የታወቀ ተወዳዳሪ ነበር፤ በ1986 በሽቱትጋርት በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሰርጌይ ወርቁን ሲወስድ ብሩን የወሰደው ቫሲሊ ነው። የፔትሮቭ ስም በዚህ አያበቃም፤ ከዓመታት በኋላ ሩሲያዊቷን የሴቶች ክብረ ወሰን ባለቤት ዬሌና ኢሲንባዬቫን ያሠለጠነው እርሱ ነው። ዶኔትስክ በበኩሏ የቡብካ ሁለተኛ አገር ሆነች፤ የከፍታው ጫፍ የሆነውን 6.15 ሜትር የዘለለውም በዚያችው ከተማ ነው።

በ1983 ሄልሲንኪ ላይ ያገኘው ድል ለምን እንግዳ ሆነ?

የሄልሲንኪው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ለኢትዮጵያውያን ከበደ ባልቻ በማራቶን የብር ሜዳሊያ ያገኘበት ውድድር በመሆኑ የሚታወስ ሲሆን፣ ለምርኩዝ ዝላይ ተመልካቾች ግን ስሙን ብዙም ያልሰሙት የ19 ዓመት ወጣት የታወቁትን ዘላዮች ሁሉ አስከትሎ በ5.70 ሜትር ያሸነፈበት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ክብረ ወሰን በፈረንሳዊው ቲየሪ ቪኜሮን የተያዘው 5.83 ሜትር ነበር፤ ስለዚህ የወጣቱ ድል በከፍታው ገና አስደናቂ አልነበረም። አስደናቂው ነገር በቀጣዩ ዓመት መጣ።

የውድድሩ ደንብ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ወደፊት ማምጣቱ ይጠቅማል፤ ቡብካ በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ የደረሰበት ውድቀት ያለ እርሱ አይገባምና። ዘላዩ በየትኛው ከፍታ እንደሚጀምር ራሱ ይወስናል። ከዚያ በታች ያሉትን ከፍታዎች ሳይዘል ያሳልፋቸዋል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካልተሳካለት ከውድድሩ ይወጣል፤ እነዚያ ሦስት ሙከራዎች ግን በአንድ ከፍታ ላይ መሆን የለባቸውም፤ በአንዱ ከፍታ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ሦስተኛውን ሙከራ ለቀጣዩ ከፍታ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከፍ ባለ ቦታ የጀመረ ሰው ጉልበቱን ይቆጥባል፤ በጀመረበት ሦስቴ ከወደቀ ግን ምንም ከፍታ ሳይመዘገብለት፣ ደረጃም ሳይኖረው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ5.30 የወደቀ ጀማሪና በ5.75 የወደቀ የዓለም ሻምፒዮን በውጤት ዝርዝሩ ላይ እኩል ይሆናሉ። የቡብካ ልማድ ዘግይቶ መጀመርና ጥቂት ጊዜ ብቻ መዝለል ነበር፤ ብዙ ድል ያስገኘለት ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፈለውም ጊዜ ነበር።

35 ክብረ ወሰን ሲባል እንዴት ነው የሚቆጠረው?

አሥራ ሰባቱ ከቤት ውጭ፣ አሥራ ስምንቱ በቤት ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው። በዚያን ዘመን ሁለቱ ተለይተው ይመዘገቡ ስለነበር ድምሩ እንደ አንድ ደረጃ መሰላል መታየት የለበትም። ከቤት ውጭ ያለው ዝርዝር የሚጀምረው ሜይ 26 ቀን 1984 በብራቲስላቫ በዘለለው 5.85 ሜትር ሲሆን፣ የሚያበቃው ጁላይ 31 ቀን 1994 በጣሊያኗ ሴስትሪዬሬ በዘለለው 6.14 ሜትር ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ በራሱ ስም ብቻ 29 ሳንቲሜትር ጨምሯል ማለት ነው።

በቤት ውስጥ ያለው ታሪክ የበለጠ ፉክክር የታየበት ነው። በ1986 ክረምት አሜሪካውያኑ ቢሊ ኦልሰንና ጆ ዳያል ክብረ ወሰኑን በየሳምንቱ በሚባል ፍጥነት እየነጠቁት ሲያስመልስ ከርሟል። በ1989 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአገሩ ልጅ ሮዲዮን ጋታውሊን በቤት ውስጥ 6 ሜትርን ቀድሞት ዘልሎ ክብረ ወሰኑን ወሰደ፤ ቡብካ በዚያው ወር ማለት በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ በኦሳካ 6.03 ዘልሎ አስመለሰው። «ተፎካካሪ አልነበረውም» የሚለውን ወሬ የሚያነሡ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያዩ መልካም ነው።

ከቤት ውጭስ ክብረ ወሰኑን የነጠቀው ነበር?

አንድ ሰው፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ። ኦገስት 31 ቀን 1984 በሮም ስታዲየም ቪኜሮን 5.91 ሜትር ዘለለና የቡብካን 5.90 ሻረ። ፈረንሳዊው ደስታውን ገና ሳይጨርስ ቡብካ አግዳሚ ዘንጉ ወደ 5.94 እንዲወጣ ጠይቆ አለፈው። ከዚያች ምሽት በኋላ እርሱ በውድድር ላይ በነበረበት ዘመን ሁሉ ከቤት ውጭ የተመዘገበውን ክብረ ወሰን ሌላ ሰው አልያዘውም።

ስድስት ሜትርን መቼና የት አለፈ?

ጁላይ 13 ቀን 1985 በፓሪስ። ቀድሞ ይዞት ከነበረው 5.94 በአንድ ጊዜ ስድስት ሳንቲሜትር የጨመረበት ይህ ዝላይ ከቤት ውጭ ክብረ ወሰኖቹ መካከል ትልቁ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ባለሙያዎች 6 ሜትርን የሰው ልጅ በምርኩዝ የማይሻገረው ወሰን አድርገው ይመለከቱት ነበር።

ለምን በአንድ አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ይጨምር ነበር?

በመጀመሪያ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልነበረ ቁጥሮቹ ያሳያሉ። ከ1984 እስከ 1988 የነበሩት እርምጃዎች ሦስት፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ሳንቲሜትር የነበሩባቸው ናቸው። አንድ አንዱ ያለ ማቋረጥ የጀመረው በ1988 ብራቲስላቫ ላይ ከተዘለለው 6.05 በኋላ ነው፤ 6.06 በኒስ፣ 6.07 በሺዙኦካ፣ 6.08 በሞስኮ፣ 6.09 በፎርሚያ፣ 6.10 በማልሞ፣ 6.11 በዲዦን፣ 6.12 በፓዶቫ፣ 6.13 በቶኪዮ፣ 6.14 በሴስትሪዬሬ። የከተሞቹን ስም ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል፤ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ክብረ ወሰን ሊሻሻል ይችላል የሚለው ተስፋ ብቻውን ስታዲየም የሚሞላ በመሆኑ አዘጋጆች ቡብካን ለማስመጣት ይሽቀዳደሙ ነበር፤ የስፖርት ትጥቅ አምራቹና የውድድር አዘጋጆቹ የሚከፍሉት ጉርሻም ክብረ ወሰኑ በአንድ ሳንቲሜትር ተሻሻለ ወይም በአሥር ለውጥ አልነበረውም። እህሉን በጣሳ ሸጦ የሚያተርፍ ነጋዴ በኩንታል ለምን አልሸጠም ተብሎ አይወቀስም።

ገንዘቡ ግን ምክንያቱን በሙሉ አይገልጸውም። የምርኩዝ ዝላይ ተወዳዳሪ እንደ ሯጭ ያለውን ጉልበት ሁሉ አውጥቶ የደረሰበትን ሰዓት አይቀበልም፤ ሊዘልለው የሚፈልገውን ከፍታ አስቀድሞ መጥራት አለበት። ውድድሩን ለማሸነፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ በኋላ እግሩ በደከመበት ሰዓት 6.20 የጠራ ሰው ሦስቱንም ሙከራ አጥቶ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ 6.11 የጠራው ደግሞ ክብረ ወሰን ይዞ ይወጣል። ዛሬም ይኸው ስሌት ይሠራል፤ ስዊድናዊው አርማንድ ዱፕላንቲስ ከ2020 እስከ ሴፕቴምበር 2025 ድረስ ከ6.17 ተነሥቶ 6.30 ሲደርስ አሥራ አራቱንም እርምጃ የወሰደው በአንድ አንድ ሳንቲሜትር ነው። በቡብካ አሠራር ላይ የሚነሣ ቅሬታ ካለ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚጋራው አንዱን ብቻ ነው፤ ሰውየው በጥሩ ቀኑ እስከ ስንት ሊዘል ይችል እንደነበር ዓለም ሳያውቀው ቀርቷል።

በአዘላለሉ ከሌሎች የሚለየው ምን ነበር?

የዝላዩ ምንጭ ሩጫ ነው። ዘላዩ የሚንደረደርበት ፍጥነት በተጣጣፊው የፋይበርግላስ ምርኩዝ ውስጥ ይከማችና ምርኩዙ ሲቃና ወደ ከፍታ ይለወጣል። ቡብካ በመንደርደሪያው መጨረሻ ላይ በሴኮንድ ወደ 9.9 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይሮጥ እንደነበር ይነገራል። ይህ ፍጥነት ምንም ሳይባክን ወደ ከፍታ ቢለወጥ አንድን አካል 5 ሜትር ገደማ ያነሣዋል፤ የቆመ ሰው የክብደት ማዕከል ከመሬት ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ድምሩ 6 ሜትርን ያልፋል። ከዚህ በላይ ያለውን የሚጨምረው በአየር ላይ እያለ በትከሻና በክንዱ የሚሠራው ሥራ ነው። በዚህ ላይ ያንን ፍጥነት ረጅምና ከባድ ምርኩዝ ተሸክሞ ማምጣት እንዳለበት ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ልዩነት ምርኩዙን የሚይዝበት ቦታ ነው። ከአብዛኞቹ ተፎካካሪዎቹ ከፍ አድርጎ፣ ከታችኛው ጫፍ 5 ሜትር ከ10 ገደማ ላይ ይይዘው ነበር፤ ምርኩዙም እጅግ ጠንካራ፣ ሌሎች ሊያጎብጡት የሚቸገሩበት ዓይነት ነበር። ምርኩዙ የሚተከልበት ሳጥን ከመንደርደሪያው 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ሲቆም የላይኛው እጁ ከመሬት 4.90 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። 6.14ን ለማለፍ ከእጁ በላይ ሌላ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ፣ ከአንድ ሜትር ግን የሚበልጥ ከፍታ መውጣት ነበረበት።

ሦስተኛውና አሠልጣኞች ዛሬም የሚከራከሩበት ነገር የመነሻው ቅጽበት ነው። ብዙ ዘላዮች ምርኩዙ ከሳጥኑ ጋር ተጋጭቶ መጉበጥ ሲጀምር እግራቸው ገና መሬት ላይ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሩጫው ኃይል ከፊሉ ይባክናል። ፔትሮቭ ያስተማረው ግን እጅን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ምርኩዙ ከመጉበጡ በፊት እንደ ርዝመት ዘላይ ከመሬት መነሣትን ነበር። ከተነሣም በኋላ ምርኩዙ እስኪመልሰው አይጠብቅም፤ እግሩን እያወናጨፈ፣ ቁልቁል እየተገለበጠ ምርኩዙን ያለ ዕረፍት ይገፋዋል። ይህ ስልት «የፔትሮቭና የቡብካ ስልት» በሚል መጠሪያ በብዙ አገሮች ይሠለጠንበታል። በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ምርኩዙ ከመጉበጡ በፊት መነሣት ግን ከመሬት የሚነሡበት ነጥብ በእግር ጣት ስፋት እንኳ እንዳይዛነፍ ይጠይቃል። ቡብካ ሩጫውን እየተቆጣጠረ ያን ነጥብ በተደጋጋሚ ማግኘት መቻሉ ከጡንቻው ይልቅ የሚያስገርም ነው።

በኦሊምፒክ አንድ ወርቅ ብቻ ያገኘው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ይጠየቃል፤ መልሱም አንድ አይደለም። አራቱም የጠፉ ኦሊምፒኮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

የ1984ቱን የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የወሰደበት ፖለቲካ ነው። ሶቪየት ኅብረት እንደማትሳተፍ ባስታወቀችበት ወር ቡብካ የመጀመሪያውን ከቤት ውጭ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊትም 5.90 ደርሶ ነበር። በሎስ አንጀለስ ወርቁን የወሰደው ፈረንሳዊው ፒየር ኪኖን ያሸነፈው በ5.75 ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ክፍል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ጎን ቆማ ባለመሄዷ የእኛም ሯጮች ቤት ቀርተዋል።

በ1988 ሴኡል ላይ አሸነፈ፤ ሆኖም በቀላሉ አልነበረም። በ5.90 ሁለት ጊዜ ወድቆ በመጨረሻው ሙከራ አለፈው፤ ጋታውሊን በ5.85 ሁለተኛ፣ ግሪጎሪ ዬጎሮቭ በ5.80 ሦስተኛ ሆነው ሦስቱም ሜዳሊያዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱ። ያን ውድድር ኢትዮጵያ ሰሜን ኮሪያን በመደገፍ ስላልተሳተፈችበት በአገራችን ብዙም አልታየም።

የ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ ግን ሰበብ የማይገኝለት ነው። ቡብካ ጁን 13 ቀን በዲዦን 6.11 ዘልሎ በሙሉ ጤንነት መጣ። ኦገስት 7 ቀን በተካሄደው ፍጻሜ 5.70 ላይ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛውን ሙከራ ለ5.75 አሳለፈው፤ እሱም አልተሳካም። ዘግይቶ የመጀመር ልማዱ ደጋግሞ የረዳውን ሰው በዚያች ቀን ምንም ከፍታ ሳይመዘገብለት አስቀረው። ወርቁን ማክሲም ታራሶቭ በ5.80 ወሰደው፤ ይህም ቡብካ በልምምድ እንኳ የሚያልፈው ከፍታ ነበር። በዚሁ ቀን በዚሁ ስታዲየም ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትር ወርቋን ስላገኘች፣ የእኛ ትዝታ ከቡብካ ትዝታ የተለየ መሆኑ አያስገርምም። ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ቡብካ በፓዶቫ 6.12 ዘለለ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ በቶኪዮ 6.13። የአቅም ማነስ ነበር የሚለውን አስተያየት እነዚህ ሁለት ከፍታዎች ያፈርሱታል።

በ1996 አትላንታ የተረከዝ ጅማቱ ታሞ ስለነበር አንድም ጊዜ ሳይዘል ከማጣሪያው ወጣ፤ ወርቁ በ5.92 የፈረንሳዊው ዣን ጋልፊዮን ሆነ። በ2000 ሲድኒ ላይ በ36 ዓመቱ ተመልሶ በማጣሪያው 5.70ን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሳይችል ቀረ። በዚያን ጊዜ ብዙ ጉዳት ያሳለፈ አንጋፋ ስለነበር ሲድኒን ከባርሴሎና ጋር እኩል መቁጠር ተገቢ አይመስልም።

ታዲያ እንደ ውድድር ሰው መመዘን ያለበት በምንድን ነው?

በዓለም ሻምፒዮናው። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይወሰናል፤ ክብረ ወሰን ደግሞ ተፎካካሪ በሌለበት፣ ነፋሱና ሜዳው በተመቸበት ቀን ሊገኝ ይችላል። የዓለም ሻምፒዮና ግን ጎበዞቹ ሁሉ በአንድ ሜዳ፣ በተወሰነ ቀን የሚገናኙበት ነው፤ ቡብካ በዚያ ሜዳ ለ14 ዓመታት አልተሸነፈም። ሄልሲንኪ 1983 በ5.70፣ ሮም 1987 በ5.85፣ ቶኪዮ 1991 በ5.95፣ ሽቱትጋርት 1993 በ6.00፣ ጎተንበርግ 1995 በ5.92፣ አቴንስ 1997 በ6.01። በባርሴሎና ያሸነፈው ታራሶቭ በጎተንበርግም በአቴንስም ከቡብካ ኋላ ሁለተኛ ሆኗል።

ለኢትዮጵያ ተመልካች ሌላ መለኪያ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘው በሽቱትጋርት፣ ቡብካ አራተኛውን ባገኘበት ውድድር ነው። ኃይሌ በተከታታይ አራት ጊዜ ማሸነፉን እንደ ትልቅ ነገር የምንቆጥር ከሆነ፣ እውነትም ትልቅ ነውና፣ በእርሱ ላይ ሁለት መጨመር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ከስድስቱ ሁሉ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚያስቀድመው የአቴንሱን ነው፤ ከአትላንታ በኋላ ተረከዙን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በዚያ ወቅት ጥቂት ብቻ የተወዳደረ የ33 ዓመት ሰው ታራሶቭን በአምስት ሳንቲሜትር በልጦ 6.01 ማለፉ ከማንኛውም የክብረ ወሰን ምሽት ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የማይሸነፍ ነበር ማለት ግን አይደለም። በ1990 በስፕሊት በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ከሜዳሊያ ውጭ ሆኖ ወርቁን ጋታውሊን ወስዶበታል።

ለየትኛው አገር ነበር የሚወዳደረው?

እስከ 1991 ለሶቪየት ኅብረት፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ የቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች በጋራ ባቋቋሙት ቡድን ስም፤ ከ1993 ጀምሮ ለዩክሬን። የሽቱትጋርት፣ የጎተንበርግና የአቴንስ ወርቆች የዩክሬን ናቸው።

የሴስትሪዬሬው 6.14 በከፍታ ቦታ መዘለሉ ዋጋውን ይቀንሰዋል?

ሴስትሪዬሬ በአልፕስ ተራሮች ላይ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ የምትገኝ መንደር ናት። አየሩ የሳሳ በመሆኑ ለአጭር ሩጫና ለዝላይ ይመቻል፤ የውድድሩ አዘጋጆችም ክብረ ወሰን ለሚያሻሽል የፌራሪ መኪና ሽልማት ያዘጋጁ ስለነበር ቡብካ መኪናውን ወስዷል። ጥቅሙ ግን ለምርኩዝ ዝላይ ያን ያህል ትልቅ አይደለም፤ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ባለችው ቶኪዮ ከዘለለው የሚበልጠው በአንድ ሳንቲሜትር ነው። ደንቡም ከፍታ ቦታን ለይቶ አይመዘግብም። እግረ መንገዳችንን፣ አዲስ አበባ ከሴስትሪዬሬ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የምርኩዝ ዝላይ ሜዳና ሠልጣኝ ቢበዛልን ኖሮ አየሩ ከእኛ ጋር ነበር።

6.15 እያለ ለምን 6.14 የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ይጠቀስ ነበር?

6.15 ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1993 በዶኔትስክ በቤት ውስጥ የተዘለለ ነው። የዓለም ክብረ ወሰን የሚባለው ያኔ ከቤት ውጭ የተመዘገበው ብቻ ነበር። በ2000 ደንቡ ተሻሽሎ በጣሪያ ሥር የተዘለለም እንደ ዓለም ክብረ ወሰን እንዲቆጠር ቢፈቀድም፣ ማሻሻያው ወደ ኋላ ተመልሶ አልሠራም።

መቼ አቆመ?

በ2001 መጀመሪያ፣ በዶኔትስክ በየዓመቱ ራሱ ያዘጋጀው በነበረው የቤት ውስጥ ውድድር ላይ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴና በአትሌቲክስ ፌዴሬሽን አመራር ውስጥ ቆይቷል፤ በ2015 ለፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በሰባስቲያን ኮ ተሸንፏል። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ክብረ ወሰኖቹ በማን ተሰበሩ? የቀረ አለ?

6.15ን የሰበረው ፈረንሳዊው ሬኖ ላቪልኒ ነው፤ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2014፣ ከ21 ዓመት ስድስት ቀን ሲጎድል፣ በዚያችው በዶኔትስክ፣ የክብረ ወሰኑ ባለቤት ቡብካ በአዳራሹ ተገኝቶ እየተመለከተ 6.16 ዘለለ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በከተማዋ ጦርነት ተነሣ፤ ያ ዓመታዊ ውድድርም ከዚያ ወዲህ በዶኔትስክ አልተካሄደም። ከቤት ውጭ የነበረውን 6.14 ደግሞ ዱፕላንቲስ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2020 በሮም 6.15 ዘልሎ ሻረው፤ ቪኜሮንና ቡብካ በ1984 በደቂቃዎች ልዩነት ክብረ ወሰን የተነጣጠቁት በዚያው ከተማ ነበር።

እስከ 2025ቱ የቶኪዮ ሻምፒዮና ድረስ ዱፕላንቲስ ከቤት ውጭ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሦስት ጊዜ ነው። የቡብካ ስድስት እስካሁን አልተነካም።